«ቲዩቡላር ቤልስ»፦ በተዋሰው ቴፕ ተጀምሮ ዓለምን ያዳረሰው የመጀመሪያ አልበም

«ቲዩቡላር ቤልስ» እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲና ተጫዋች ማይክ ኦልድፊልድ በስሙ ያወጣው የመጀመሪያው የግል አልበም ነው። አልበሙ እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1973 በብሪታኒያ ለአድማጭ የቀረበ ሲሆን፣ ቨርጂን ሬከርድስ የተባለው አዲስ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላም ነበር። ኦልድፊልድ ያን ጊዜ 20 ዓመት ከሞላው ገና 10 ቀኑ ነበር።

ሥራው ሁለት ረጃጅም ክፍሎች ብቻ ያሉት፣ በጠቅላላው 49 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅና የሚዘመር ግጥም የሌለው ቅንብር ነው። አብዛኞቹን መሣሪያዎች የተጫወተው አንድ ሰው ሲሆን፣ እያንዳንዱን ድምፅ ተራ በተራ እየቀዳና አንዱን በሌላው ላይ እየደረበ ሙሉ የሙዚቃ ቡድን የሚያክል ድምፅ አስገኝቷል። ነባር የሙዚቃ ኩባንያዎች ገበያ አያገኝም ብለው የመለሱት ይህ ቅንብር በኋላ በዓለም ዙሪያ ወደ 15 ሚሊዮን በሚጠጋ ቅጂ እንደተሸጠ ይገመታል። በፕሮግሬሲቭ ሮክ ታሪክ ውስጥ ከሚጠቀሱት የመጀመሪያ አልበሞችም አንዱ ነው።

የስሙ ትርጉም

አልበሙ ስሙን ያገኘው ከአንድ የኦርኬስትራ መሣሪያ ነው። «ቲዩቡላር ቤልስ» ማለት የቱቦ ደወሎች ማለት ሲሆን፣ መሣሪያው በቁመት የተንጠለጠሉ፣ ርዝመታቸው የተለያየ የብረት ቱቦዎች ስብስብ ነው። ተጫዋቹ የቱቦዎቹን አናት በመዶሻ መሰል መምቻ ሲመታ የቤተ ክርስቲያን ደወል የሚመስል ድምፅ ይወጣል። መሣሪያው የተሠራውም የትልልቅ ደወሎችን ድምፅ ወደ ኮንሰርት አዳራሽ ለማስገባት ነው። እውነተኛ ደወል ከክብደቱ የተነሳ በቀላሉ ከመድረክ ወደ መድረክ ሊዘዋወር አይችልም።

ደወሎቹ በአልበሙ ውስጥ የሚሰሙት ለአጭር ጊዜ ነው። ሆኖም የሚመጡት በመጀመሪያው ክፍል ማብቂያ ላይ፣ ሌሎቹ መሣሪያዎች ሁሉ ተሰብስበው ከፍ ባሉበት ሰዓት በመሆኑ የሥራው መለያ ሆነው ቀርተዋል።

የፕሮግሬሲቭ ሮክ ዘመን

ፕሮግሬሲቭ ሮክ በ1960ዎቹ ማብቂያ በብሪታኒያ የተስፋፋ የሙዚቃ ስልት ነው። ሦስት ደቂቃ ከሚፈጀው የተለመደ ዘፈን ይልቅ ሰፊና ረዥም ቅንብርን የመረጡ ወጣት ሙዚቀኞች ከክላሲካል ሙዚቃ፣ ከጃዝና ከሕዝብ ዜማ የወሰዱትን ከሮክ ጋር አዋሐዱ። ኪንግ ክሪምሰን፣ የስ፣ ጀነሲስና ፒንክ ፍሎይድ የዚህ ስልት ታዋቂ ቡድኖች ነበሩ። ፒንክ ፍሎይድ እጅግ የታወቀውን «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን» የተሰኘ አልበሙን ያወጣው በዚያው በ1973፣ «ቲዩቡላር ቤልስ» ከመውጣቱ ከሦስት ወር ያነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ ነው።

ለእነዚህ ረጃጅም ሥራዎች መልክ የሰጣቸው ሸክላው ራሱ ነበር። የሸክላው አንድ ገጽ የሚይዘው ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ገደማ ስለነበር፣ ደራሲዎች አንዱን ገጽ ሳይቋረጥ በሚፈስ ቅንብር መሙላት ጀመሩ። ኦልድፊልድም የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። ልዩነቱ ሌሎቹ በቡድን ሆነው የሚሠሩትን እሱ ለብቻው መሥራቱ ነው። ከእሱ በፊትም ፖል ማካርትኒ በ1970 ባወጣው የግል አልበሙ መሣሪያዎቹን በአብዛኛው ራሱ ተጫውቶ ነበር። ያ ግን የዘፈኖች ስብስብ ነበር። ስሙ እምብዛም ያልታወቀ ወጣት ሁለቱንም የሸክላ ገጾች በአንድ ተከታታይ ሐሳብ ለመሙላት መነሳቱ አዲስ ነገር ነበር።

ልጅነትና የሙዚቃ ጅማሮ

ማይክ ኦልድፊልድ እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1953 በእንግሊዝ ሬዲንግ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም፣ አየርላንዳዊት እናቱ ደግሞ ነርስ ነበሩ። እናቱ ለረዥም ዓመታት በአእምሮ ሕመም በመሠቃየታቸው የቤቱ ሕይወት የተረጋጋ አልነበረም። ታዳጊው ማይክ 10 ዓመት ገደማ ሲሆነው ጊታር ያዘ። ከቤቱ ጭንቀት የሚሸሸግበት ስፍራ ሙዚቃ እንደነበረ በ2007 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ላይ ጽፏል።

ትምህርቱን በጊዜ አቋርጦ ከእህቱ ከሳሊ ጋር «ዘ ሳሊያንጂ» የተሰኘ የሕዝብ ዜማ ጥምረት መሠረተ፤ ሁለቱም አንድ አልበም ቀረጹ። በ1970፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ ድምፃዊው ኬቨን አየርስ በሚመራው «ዘ ሆል ወርልድ» በተባለ ቡድን ውስጥ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ሆኖ ተቀጠረ። በዚህ ቡድን ውስጥ ያገኘው የኪቦርድ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ ዴቪድ ቤድፎርድ በክላሲካል ሙዚቃ የሠለጠነ ስለነበር፣ ለወጣቱ ስለ ኦርኬስትራ አቀነባበር ብዙ አሳውቆታል።

ቡድኑ በለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ሲቀርጽ ኦልድፊልድ ከባልደረቦቹ ቀድሞ ይገባና በየክፍሉ የተቀመጡትን መሣሪያዎች ይሞክር ነበር። ከተለያዩ ፒያኖዎችና ከከበሮ መሣሪያዎች ጋር የቱቦ ደወሎችንም ለመጀመሪያ ጊዜ የነካው እዚያ ነው።

በተዋሰው ቴፕ የተጀመረው ሥራ

የአየርስ ቡድን በ1971 ሲበተን ኦልድፊልድ ሥራ አጥ ሆነ። በእጁ የቀረው ዋና ነገር ከአየርስ የተዋሰው ባንግ ኤንድ ኦሉፍሰን ሠራሽ የቴፕ መቅጃ ነበር። ይህን መሣሪያ በሰሜን ለንደን ቶተንሃም በሚገኘው መኖሪያው አስቀምጦ በአእምሮው ሲመላለስ የቆየውን ረዥም ቅንብር መቅዳት ጀመረ።

መቅጃው ባለ ሁለት ትራክ ብቻ ስለነበር ብዙ ድምፆችን ለመደራረብ የሚያስችል አልነበረም። በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ቴፑ መጀመሪያ በማጥፊያው ጫፍ በኩል ያልፍና የቀድሞው ድምፅ ይሰረዛል፤ ከዚያ ወደ መቅጃው ጫፍ ሲደርስ አዲሱ ድምፅ ይሰፍራል። ኦልድፊልድ ማጥፊያውን ጫፍ በቁራጭ ካርቶን ጋረደው። በዚህም የቀድሞው ድምፅ ሳይጠፋ አዲሱ በላዩ ላይ ይጨመር ጀመር። ዘዴው ርካሽ ቢሆንም አደገኛ ነበር፤ በመጨረሻ የተጨመረው ድምፅ ከተበላሸ ከሥሩ ያለውንም ሁሉ ያበላሻል፣ ወደ ኋላ መመለስም አይቻልም።

በዚያን ወቅት ኦልድፊልድን በብርቱ ከማረኩት ሥራዎች አንዱ አሜሪካዊው ደራሲ ቴሪ ራይሊ በ1969 ያወጣው «ኤ ሬይንቦው ኢን ከርቭድ ኤር» ነው። ራይሊ አጫጭር የዜማ ሐረጎችን ደጋግሞ በማዞር፣ በላያቸው ላይ ሌሎችን እየደረበ ይሠራ ነበር። ሌላው የፒያኖ ተጫዋቹ ኪት ቲፔት 50 ያህል ሙዚቀኞችን ያሰባሰበበት «ሴንቲፒድ» የተባለ ግዙፍ ቡድን ነው። ተደጋጋሚው ሐረግ ከአንደኛው፣ የብዛቱ ምኞት ከሌላው መጣ ማለት ይቻላል።

ኦልድፊልድ የቀዳውን ይዞ ወደ ሙዚቃ ኩባንያዎች ሄደ። መልሱ ተመሳሳይ ነበር፦ ዘፋኝ የሌለው፣ ከበሮ የማይመራው፣ 20 ደቂቃ የሚፈጅ ሙዚቃ ማን ይገዛል?

ወደ «ዘ ማኖር»

በዚያው ዓመት ሪቻርድ ብራንሰን የተባለ ወጣት ነጋዴ በኦክስፎርድሺር፣ ሺፕተን ኦን ቸርዌል በተባለ መንደር የሚገኝ አሮጌ ትልቅ ቤት ገዝቶ ወደ ስቱዲዮነት እያስለወጠ ነበር። ብራንሰን ከኦልድፊልድ በሦስት ዓመት ብቻ የሚበልጥ ሲሆን፣ ሸክላዎችን በፖስታ በመሸጥ ንግዱን ጀምሮ በለንደን ሱቅ እስከ መክፈት ደርሶ ነበር። «ዘ ማኖር» የተባለው ይህ ስቱዲዮ ሙዚቀኞች እዚያው እየበሉና እያደሩ የሚቀርጹበት በመሆኑ በብሪታኒያ ከመሰሎቹ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነበር።

በሴፕቴምበር 1971 ኦልድፊልድ ለሌላ ዘፋኝ ቤዝ ጊታር ሊጫወት ወደዚያ ሄደ። በሥራው መሐል የቴፑን ነገር ለስቱዲዮው የድምፅ ባለሙያዎች ለቶም ኒውማንና ለሳይመን ሄይዎርዝ ነገራቸው፤ ሰምተውም በጣም ወደዱት። ለብራንሰንና ለአጋሩ ለሳይመን ድሬፐርም አሰሟቸው። ይሁን እንጂ ድርጅቱ ገና የራሱን ሸክላ ማሳተም ስላልጀመረ ጉዳዩ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ።

ኦልድፊልድ በኋላ እንደተናገረው፣ በሀገሩ ተስፋ በመቁረጡ በሶቪየት ኅብረት መንግሥት ለሙዚቀኞች ደመወዝ እንደሚከፍል ሰምቶ ወደዚያ ለመሄድ አስቦ ነበር። ከዚህ ሐሳብ የመለሰው በ1972 ከድሬፐር የመጣው የስልክ ጥሪ ነው።

የአንድ ሳምንት ዕድል

ለኦልድፊልድ የተሰጠው ጊዜ በኖቬምበር 1972 አንድ ሳምንት ብቻ ነበር። ዕድሜው 19፣ የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎች ዝርዝር አስቀድሞ ያዘጋጀ፣ ቅንብሩን ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአእምሮው የያዘ ነበር። የቱቦ ደወሎቹ ግን በአጋጣሚ የተገኙ ናቸው። ከእሱ በፊት በስቱዲዮው ሲቀርጽ የነበረው ጆን ኬል የተከራያቸው መሣሪያዎች ተጭነው ሲወጡ ኦልድፊልድ ደወሎቹን ተመለከተና እንዲቀሩለት ጠየቀ።

የስቱዲዮው መቅጃ 16 ትራኮች ያሉት ነበር። ኦልድፊልድ አንዱን መሣሪያ ከጨረሰ በኋላ ሌላውን ያነሳል፤ ቀድሞ የተቀዳውን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ የሚቀጥለውን ይጨምራል። 16ቱ ትራኮች ሲሞሉ ሁለት ሦስቱ ወደ አንድ ይዋሐዱና ለአዲስ ድምፅ ቦታ ይለቀቃል። በዚያን ጊዜ የድምፆቹን መጠን የሚቆጣጠር ኮምፒዩተር አልነበረም። በመጨረሻው ማዋሐድ ወቅት ቴፑ እየዞረ ብዙ እጆች በአንድ ጊዜ መቆጣጠሪያዎቹን ከፍ ዝቅ ማድረግ ነበረባቸው፤ አንዱ ከተሳሳተ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

በሳምንቱ መጨረሻ የመጀመሪያው ክፍል ተጠናቀቀ።

ገዢ ያጣው ቅንብርና ሁለተኛው ክፍል

ብራንሰንና ድሬፐር በጃንዋሪ 1973 በፈረንሳይ ካን ከተማ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሙዚቃ ንግድ ትርዒት ላይ ቅጂውን ለተለያዩ ኩባንያዎች አሰሙ። የሚገዛ አልተገኘም። ድምፃዊ ቢጨመርበት የሚል ምክር ግን አልጠፋም። ቨርጂን ሥራውን ራሱ ለማሳተም የወሰነውም ሌላ በር ሁሉ በመዘጋቱ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል 1973 ባሉት ወራት፣ ሌሎች ሙዚቀኞች ስቱዲዮውን በማይጠቀሙባቸው ሰዓታት፣ ብዙውን ጊዜም በሌሊት ተቀረጸ። ኦልድፊልድ በእነዚህ ወራት የኖረው እዚያው «ዘ ማኖር» ውስጥ ነው።

ብራንሰን ለነጠላ ዜማ የሚሆን የሰው ድምፅ እንዲገባበት መወትወቱን አላቆመም። ኦልድፊልድም በንዴት ውስኪ ከጠጣ በኋላ ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ ቃል አልባ ጩኸት አሰማ። ድምፁ ይበልጥ ወፍራም ሆኖ እንዲሰማ ሲቀዳ የቴፑ ፍጥነት እንዲጨምር ተደረገ፤ በመደበኛው ፍጥነት ሲደመጥ ጩኸቱ የዋሻ ሰው ጩኸት መሰለ። በአልበሙ ላይ ያለው ብቸኛ «ዘፈን» ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአልበሙ ይዘት

የመጀመሪያው ክፍል 25 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ሲሆን፣ በዓለም የታወቀው መክፈቻው በፒያኖ የሚጀምር ነው። አጭሩ የዜማ ሐረግ በ7 እና በ8 ምቶች ተከፍሎ በድምሩ 15 ምት ይሆናል። የተለመደው የምት አቆጣጠር 16 ቢሆን ኖሮ ጆሮ ወዲያው ይለምደው ነበር። አንዱ ምት በመጉደሉ ግን ሐረጉ ሁልጊዜ ከሚጠበቅበት ቀድሞ ይመለሳል፤ አድማጩም ያረፈ መስሎት ሳያርፍ ይቀጥላል። ኦርጋንና ግሎከንሽፒል የተባለው ትንሽ የብረት መሣሪያ ፒያኖውን ያጅቡታል፤ ቀጥሎ ቤዝ ጊታሩ ከሥር ይገባል።

ከዚያ በኋላ ቅንብሩ ከአንዱ ዜማ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ለስላሳ የጊታር ዜማ በድንገት በጠንካራ የኤሌክትሪክ ጊታር ይቋረጣል፤ የመጠጥ ቤት ፒያኖ የሚመስል ጨዋታና የጉርምርምታ ኅብረ ድምፅ ይከተላሉ። አንዳንዶቹ የጊታር ድምፆች ከተፈጥሯቸው በላይ ቀጭንና ፈጣን ሆነው የሚሰሙት ቴፑ በግማሽ ፍጥነት እየዞረ ስለተቀዱ ነው፤ በመደበኛ ፍጥነት ሲደመጡ ፍጥነታቸውም ቅጥነታቸውም እጥፍ ይሆናል።

የክፍሉ ማጠቃለያ በአንድ ተደጋጋሚ የቤዝ ጊታር ሐረግ ላይ የተገነባ ነው። በዚህ ላይ «ቦንዞ ዶግ ዱዳ ባንድ» በተባለው ቀልደኛ ቡድን የሚታወቀው ቪቪያን ስታንሻል እንደ መድረክ አስተዋዋቂ የእያንዳንዱን መሣሪያ ስም በክብር ይጠራል። ፒያኖ፣ ኦርጋን፣ ግሎከንሽፒል፣ ቤዝ ጊታር፣ ልዩ ልዩ ጊታሮችና ማንዶሊን ስማቸው ሲጠራ ተራ በተራ ብቅ ብለው ያንኑ ዜማ ይጫወታሉ። በመጨረሻም የቱቦ ደወሎቹ ይጠራሉ። ኦልድፊልድ የአልበሙን ርዕስ ያገኘው ስታንሻል ይህን ስም ከጠራበት ድምፀት እንደሆነ ተናግሯል። ደወሎቹ በተለመደው መምቻ ሲመቱ ድምፃቸው ስላላረካው በከባድ መዶሻ ነበር የመታቸው። ከዚህ ሁሉ ግርማ በኋላ ክፍሉ የሚዘጋው በአንድ ብቸኛ ጊታር ነው።

23 ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው ሁለተኛው ክፍል ይበልጥ የተረጋጋ መንፈስ አለው። በጊታሮችና በኦርጋን የተሸመነ ዝግ ያለ ዜማ ከተሰማ በኋላ የስኮትላንድ የአየር ከረጢት መሣሪያ እንዲመስሉ የተደረጉ ጊታሮች ይመጣሉ። ከበሮ በአልበሙ በቅጡ የሚሰማው የዋሻ ሰው ጩኸት ባለበት ስፍራ ነው፤ የመታውም ስቲቭ ብሮተን ነው። ክፍሉ ከሰመመን መሰል የጊታርና የኦርጋን ዜማ በኋላ በታወቀ አሮጌ የመርከበኞች ጭፈራ ዜማ እየፈጠነ ሄዶ ያበቃል።

ከስታንሻልና ከብሮተን ሌላ ጆን ፊልድ በዋሽንት፣ ሊንዚ ኩፐር በኮንትራባስ፣ ሳሊ ኦልድፊልድና ማንዲ ኤሊስ በኅብረ ድምፅ ተሳትፈዋል። የቀረው ሁሉ የአንድ ሰው እጅ ሥራ ነው።

የሸክላው ሽፋን

ሽፋኑን ያዘጋጀው የፎቶግራፍ ባለሙያው ትሬቨር ኪ ነው። ከባሕር ዳርቻና ከደመና በላይ አንድ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ቋጠሮ የተጠማዘዘ የብረት ቱቦ ይታያል። ሐሳቡ የመጣው ኦልድፊልድ ደወሎቹን በመዶሻ ሲመታ ካደረሰባቸው ጉዳት ነው። ይህ ቅርጽ ከዚያ ወዲህ የኦልድፊልድ መለያ ምልክት ሆኖ በተከታዮቹ አልበሞች ላይም ታይቷል።

ከራዲዮ ወደ መድረክ

አልበሙ በወጣ በቀናት ውስጥ የቢቢሲ ራዲዮ 1 አዘጋጅ ጆን ፒል የመጀመሪያውን ክፍል ሳያቋርጥ በሙሉ አሰማው። ከሦስት ደቂቃ ያለፈ ሙዚቃ በራዲዮ እምብዛም በማይሰማበት ዘመን ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ጁን 25 ቀን 1973 ሥራው በለንደን ኩዊን ኤሊዛቤት አዳራሽ በመድረክ ቀረበ። አንድ ሰው በስቱዲዮ የሠራውን በመድረክ ለማቅረብ ብዙ ሰው አስፈለገ። የሮሊንግ ስቶንስ ጊታሪስት ሚክ ቴይለር፣ ስቲቭ ሂሌጅ፣ ፍሬድ ፍሪዝ፣ ኬቨን አየርስና ዴቪድ ቤድፎርድ ከተሰለፉት መካከል ነበሩ። ከወጣትነቱ ጀምሮ በከባድ የጭንቀት ሕመም ይሠቃይ የነበረው ኦልድፊልድ ግን በመጨረሻው ሰዓት አልወጣም አለ። ብራንሰን በሕይወት ታሪኩ እንደተረከው፣ እንዲወጣ ያግባባው የራሱን ቤንትሊ መኪና ሊሰጠው ቃል በመግባት ነው። ዝግጅቱ ሲያበቃ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ኦልድፊልድ ግን በትርዒቱ እንዳልረካ ደጋግሞ ተናግሯል።

ፊልሙና የአሜሪካ ገበያ

አልበሙን ከብሪታኒያ ውጭ ያስተዋወቀው በዲሴምበር 1973 በአሜሪካ ለዕይታ የበቃው «ዘ ኤግዞርሲስት» የተሰኘ አስፈሪ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ዊልያም ፍሪድኪን ለፊልሙ በላሎ ሺፍሪን የተዘጋጀውን ሙዚቃ ካልተቀበለ በኋላ ቀድሞ ከተቀረጹ ሥራዎች መካከል ሲፈልግ የኦልድፊልድን ፒያኖ አገኘ። የፊልሙ መግቢያ ትዕይንቶች የተቀረጹት በሰሜን ኢራቅ፣ በሞሱል አካባቢና በጥንታዊቷ የሐትራ ከተማ ፍርስራሽ ነው። የኦልድፊልድ ሙዚቃ ግን የሚሰማው በኋላ፣ ታሪኩ ወደ ዋሽንግተን ከተሻገረ በኋላ ሲሆን፣ የሚቆየውም በጣም ለአጭር ጊዜ ነው።

ያ አጭር ጊዜ በቂ ሆነ። አልበሙ በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ 3ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ፤ ከመክፈቻው ተቆርጦ የወጣው ነጠላ ዜማ ደግሞ በ1974 7ኛ ሆነ። ነጠላ ዜማው የተቆረጠው ደራሲው ሳይጠየቅ ስለነበር ኦልድፊልድ አልተደሰተም። በ1975 በተካሄደው የግራሚ ሥነ ሥርዓት ሥራው በምርጥ የመሣሪያ ሙዚቃ ድርሰት ዘርፍ ተሸለመ። ለሰላምታና ለመረጋጋት የተጻፈ የሚመስለው የፒያኖ ሐረግ በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ከፍርሃት ጋር ተቆራኝቶ የቀረውም ከዚህ ፊልም የተነሳ ነው።

ስኬቱና ያስከፈለው ዋጋ

በብሪታኒያ አልበሙ ወደ አንደኛነት የወጣው ዘግይቶ፣ በኦክቶበር 1974 ነው። ያን ጊዜ በአንደኛ ደረጃ ላይ የነበረው የኦልድፊልድ ሁለተኛ አልበም «ኸርጀስት ሪጅ» ስለነበር፣ ሙዚቀኛው በራሱ ሥራ የራሱን ሥራ ተካ። ይህ በብሪታኒያ የሙዚቃ ሰንጠረዥ ታሪክ ጥቂቶች ብቻ ያገኙት ዕድል ነው። በብሪታኒያ ብቻ የተሸጠው ከ2.6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ነው።

ገቢው ለቨርጂን መሠረት ሆነ። ድርጅቱ በተከታዮቹ ዓመታት ሌሎች ሙዚቀኞችን አስፈረመ፤ ብራንሰን በ1984 አየር መንገድ አቋቋመ፤ ሙዚቃ አሳታሚውን በ1992 ሸጠ። ከአየር መንገዱ ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች አንዱም በአልበሙ ስም ላይ በተመሠረተ የቃላት ጨዋታ «ቲዩቡላር ቤል» ተብሎ ተሰይሞ ነበር።

የደራሲው መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር። ኦልድፊልድ ከቃለ መጠይቅና ከመድረክ ርቆ በእንግሊዝና በዌልስ ድንበር ወደሚገኘው የሄርፎርድሺር ገጠር ሸሸ። ሦስተኛውን አልበሙን «ኦማዶን»ን ሊሠራ በጀመረበት በ1975 መጀመሪያ እናቱ አረፉ። በወጣትነቱ የፈረመው ውል የረዥም ጊዜና ዝቅተኛ ድርሻ የሚሰጥ እንደሆነ ከጊዜ በኋላ ሲረዳ ከብራንሰን ጋር የነበረው ግንኙነት ሻከረ። በ1990 ባወጣው «አማሮክ» አልበም ውስጥ በሞርስ ምልክት የተደበቀ፣ ለብራንሰን የተላከ የስድብ መልእክት አለ። በቀጣዩ ዓመት ለቨርጂን የመጨረሻውን አልበም ሰጥቶ ተለያየ። ይሁንና ሁለቱም አንዱ ያለ ሌላው በዚያ ዘመን ያን መጀመር እንደማይችል ሳይሸሽጉ ተናግረዋል።

ተከታይ ሥራዎችና ዛሬ ያለው ስፍራ

ኦልድፊልድ ወደ መጀመሪያ ሥራው ደጋግሞ ተመልሷል። በ1975 በዴቪድ ቤድፎርድ የተቀነባበረው የኦርኬስትራ ቅጂ በሮያል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ቀረበ። በ1992 «ቲዩቡላር ቤልስ 2» በኤድንብራ ቤተ መንግሥት ግቢ ለሕዝብ ተሰማ፤ በ1998 ደግሞ ሦስተኛው ተከተለ። በ2003 ኦልድፊልድ የመጀመሪያውን አልበም በአዳዲስ መሣሪያዎች ከሥሩ ጀምሮ እንደገና ቀረጸ፤ በ1973 ጊዜ አጥሮት ያላረማቸውን ስሕተቶች ለማረም እንደፈለገ ገልጿል። ብዙ አድማጮች ግን አሁንም የሚመርጡት የቀድሞውን፣ የቸኮለውንና ጥቃቅን ግድፈቶች የሚሰሙበትን ቅጂ ነው።

ጁላይ 27 ቀን 2012 በለንደን ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ ኦልድፊልድ ከአልበሙ የተወሰዱ ዜማዎችን ተጫወተ። ዜማው የታጀበው የብሪታኒያን የሕዝብ ጤና አገልግሎትና የሕፃናት ሥነ ጽሑፍ በሚዘክር ትዕይንት ሲሆን፣ ሐኪሞችና ነርሶች በስታዲየሙ ውስጥ ጨፈሩበት። ለሐኪምና ለነርስ ልጅ ይህ የተለየ ትርጉም እንዳለው ለመገመት አያዳግትም። በ2023 የአልበሙ 50ኛ ዓመት ሲታሰብ ልዩ ኅትመት ወጥቷል፤ በውስጡም ላልተጠናቀቀ አራተኛ አልበም የታሰበ መግቢያ ተካትቷል።

በዛሬው ጊዜ አንድ ሰው በመኝታ ክፍሉ ተቀምጦ በኮምፒዩተር፣ አልፎም በስልክ፣ የፈለገውን ያህል ድምፅ ሊደራርብ ይችላል፤ የተበላሸውንም ሰርዞ እንደገና ይጀምራል። ኦልድፊልድ በ1971 በቶተንሃም የነበረው ሁለት ትራክ፣ አንድ ጊታር፣ የተዋሰው መቅጃና ማጥፊያውን የጋረደበት ቁራጭ ካርቶን ነበር።